አብረው ያሞገሱት ቤት

ልሙጢት ግድግዳ የምታየው በመዳፏ ነው። ልስኑ ሲደርቅ ዐይኗን ትጨፍንና እጇን ከጥግ እስከ ጥግ ታስኬዳለች፤ ዐይን ሳያየው ያለፈውን ጉብታ መዳፏ አያልፈውም። ይህን ስም ያወጡላትም በዚሁ ምክንያት አብረዋት የሚሠሩት የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። እናቷ ያወጣችላት ስም መታወቂያዋ ላይ ቀርቷል። በዚያ ስም ለመጨረሻ ጊዜ የጠራቻት አንዲት ዳኛ ነበረች፤ የጠራቻትም ስለ ቤቷ ልትነግራት ነው።

ባሏ ደግሞ ቱንቢ ይባላል። ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለኩበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ክር ነው። ሰውየው ረጅም፣ ቀጭን፣ ከራሱ እስከ እግሩ አንድ መስመር ነው፤ ሲቆጣም ሲስቅም አይታጠፍም። "ይሄ ሰውዬ የጫማውን ክር የሚያስረው እንዴት ነው?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። "እኔ አስርለታለሁ" ትላቸው ነበር ልሙጢት። ያኔ ገና መጋባታቸው ነበር።

የተዋወቁት እሷ የተቦካ ሲሚንቶ በባልዲ ተሸክማ እሱ ወደ ቆመበት መወጣጫ ስትመላለስ ነው። ባልዲውን ከማቀበሏ በፊት ማንም ሳያዛት የሲሚንቶውን ፊት በእጇ ጀርባ ታስተካክለዋለች።

"ምን እየሠራሽ ነው? አሁን እኮ ላፈሰው ነው" አላት አንድ ቀን።

"ተዝረክርኮ ሲመጣ ደስ አይለኝም።"

ቱንቢ ሳቀ። በማግስቱ የራሱን የልስን ማንኪያ ሰጣትና አንድ ጥግ አሳይቷት "በይ እዚህ ላይ ተጫወቺበት" አላት። ሲመሽ ያ ጥግ እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስልሶ ጠበቀው። ግንበኛው ሄዶ ዳሰሰው፤ ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህም ምንም አላለም፤ አገባት እንጂ።

ቤታቸውን የሠሩት በእረፍት ቀናቸው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሠርተው በሰባተኛው ቀን የራሳቸውን። ሰው የራሱን ቤት ሲሠራ ስንት ጊዜ ቆሞ እንደሚያየው ይገርማል። ቱንቢ አንድ ረድፍ ብሎኬት በደረደረ ቁጥር መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ይቆማል፤ እሷም ትከተለዋለች፤ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ከጉልበት የማያልፈውን ግድግዳ እንደ ተራራ አንጋጠው ያዩታል። አንዱ ክፍል ጣሪያ እንዳገኘ ገቡበት። ዝናብ ሲመጣ አልጋቸውን ወደ ደረቁ ጥግ ይገፉ ነበር፤ ደረቅ ጥግ ሲጠፋ ደግሞ ይስቁ ነበር።

ቤቱ ሲያልቅ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ሆነ። በኋለኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ለሦስተኛ ክፍል የሚሆን የበር ቦታ ትተው ነበር። ቱንቢ ለጊዜው በብሎኬት ደፈነው፤ ቀኑ ሲደርስ በቀላሉ እንዲፈርስ ሲሚንቶውን ቀነስ አድርጎ። ልሙጢትም አልለሰነችውም። "ነገ የምናፈርሰውን ምን አደከመኝ" አለች። ሴት ልጃቸው ስታድግ በዚያ በኩል ክፍል ይቀጠልላታል ተባለ። ልጅቷ አፏን እንደፈታች ያንን ግራጫ ቦታ "የኔ በር" አለችው። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ታንኳኳውና "ማንም የለም" ብላ ትስቃለች።

ቤቱ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፤ የግቢው በር። ሊገቡ ሲጣደፉ ቱንቢ አፈሩ ሳይረጋ ነው የተከለው፤ ከዚያ ምሰሶው ትንሽ ሰጠመና መቀርቀሪያው ቀዳዳውን ሳተ። በሩን በአንድ እጅ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ በሌላው ካልገፉት አይዘጋም። እንግዳ ሊዘጋው ሲታገል ከቤት ውስጥ "ከፍ አድርገህ ግፋው!" የሚል ድምፅ ይሰማል። "አስተካክለዋለሁ" ይል ነበር ቱንቢ። የሰው በር ሲያስተካክል ዓመታት አለፉ፤ የራሱ በር እንደዚያው ቀረ።

ከዚያ ሥራ ቀዘቀዘ። ቱንቢ ሩቅ ከተማ ትልቅ ሕንፃ ተጀመረ ሲባል ሄደ። መጀመሪያ ወር በገባ ቁጥር ይመጣ ነበር፤ ቆይቶ ደውሎ ይቀር ጀመር፤ በመጨረሻ ሳይደውልም ይቀር ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ልሙጢት ግቢ ውስጥ አሸዋ እየነፋች ነበር።

"ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ" አላት ቆሞ።

"ንገረኛ። ወንፊቱን ትይዝልኛለህ?"

"እዚያ፣ ሥራ ቦታው በር ላይ ሻይ የምታፈላ ልጅ አለች።" ኮፍያውን አወለቀ። "ከእኔ አርግዛለች።"

ልሙጢት አሸዋውን መንፋቱን አላቆመችም። ደቃቁ ከታች ተከመረ፤ ጠጠሩ ወንፊቱ ላይ ቀረ፤ ወንፊቱ ባዶ ከሆነ በኋላም ነፋችው። ቱንቢ ወጣ። በሩን ከፍ አድርጎ ገፋው።

ፍቺው ብዙ ጊዜ አልወሰደም። የከበደው የቤቱ ነገር ነው።

"ቤቱ የሁለታችሁ ነው" አለች ዳኛዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። "እኩል። ለሁለት እንዳይከፈል ደግሞ አንድ መግቢያ፣ አንድ መጸዳጃ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ስለዚህ ባለሙያ ሄዶ ይገምተዋል። በግምቱ መሠረት አንዳችሁ ለሌላው ግማሹን ከፍሎ ቤቱን ያስቀራል። ሁለታችሁም ካልቻላችሁ በሐራጅ ይሸጥና ገንዘቡን ትካፈላላችሁ።"

"የተከበሩ ዳኛ" አለች ልሙጢት ብድግ ብላ፣ "እኔ እኮ ነኝ የለሰንኩት። ከውስጥም ከውጭም።"

"እሱስ አልገነባውም?"

ልሙጢት ወደ ቱንቢ ዞረች። "ገንብቶታል" አለች። መካድ የሚቻል ነገር መሆኑ ራሱ አልታየኝም ነበር ትላለች በኋላ።

"እንግዲህ እኩል ነው" አለች ዳኛዋ፤ በለዘብታ ነበር የተናገረችው።

ታላቅ እህቷ ገበያ ውስጥ ያገለገለ ልብስ የምትሸጥ፣ አፏ ስለት የሆነ ሴት ናት። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችላትም እሷ ናት። የቁጠባ ማኅበር አባል ስለሆነች ዋስ ሆናላት ብድር አስፈቀደችላት። ማኅበሩ ግን ለአንድ ሰው የሚያበድረው ወሰን አለው። ቤቱ እንደ አሮጌ፣ እንደ ተራ ቤት ከተገመተ ብድሩ ለቱንቢ ግማሽ ይበቃል። እንደ ጥሩ ቤት ከተገመተ አይበቃም። ነገሩ ይኸው ነው።

"ስሚኝ" አለቻት እህቷ ገማቹ በሚመጣበት ቀን ዋዜማ። "ቤቱን አታጽጂ። የረጠበ ጨርቅ በየቦታው ስቀይ። ሰውየው ሲገባ 'ውይ የዚህ ቤት ነገር' እያልሽ ተንፍሺ። ግድግዳው ላይ ትንሽ ሻይ ብንረጭበትስ?"

"ሻይ?"

"እርጥበት እንዲመስል።"

"እጅሽን እቆርጠዋለሁ" አለች ልሙጢት። እህቷ ሳቀች። ልሙጢት ግን አልሳቀችም።

ቱንቢም ቃል ገብቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠብቋት፣ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ፣ "ገማቹ ሲመጣ እኔም መገኘት አለብኝ አሉ። እገኛለሁ፣ ትንፍሽ አልልም። ድርሻዬ ቢያንስም ይነስ። ልጅቷ ከቤቷ አትውጣ" አላት። አላመሰገነችውም። ሌሊቱን ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ተኛች።

ገማቹ የመጣው ፀሐይ በረንዳው ላይ ስትደርስ ነው። አጭር፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ የተጣበቀ፣ ሲሠራ ለራሱ የማውራት ልማድ ያለው ሰው ነበር። ገብቶ የግቢውን በር ሊዘጋ ሲታገል ልጅቷ ከበረንዳው "ከፍ አድርገው ይግፉት!" ብላ ጮኸችለት። ቱንቢ ቀድሞ መጥቶ፣ እንደ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። እህቲቱ ጥግ ይዛ በዐይኗ ሁሉንም ትጠብቃለች።

"ወለሉ ተራ ሲሚንቶ" ይላል ገማቹ እየዞረ፣ እየጻፈ። "ኮርኒሱ ቆይቷል። መስኮቱ... እህ። ጣሪያውስ?"

"ኧረ ጣሪያውንስ አያንሱብን!" አለች እህቲቱ። "ክረምት ሲገባ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ነው የሚዘንበው። እኛ ጃንጥላ ይዘን ነው ራት የምንበላው።"

ቱንቢ ሳል ያዘው። ልሙጢት ከንፈሯን ነከሰች። ገማቹ አንገቱን ነቀነቀና ጻፈ። ጥሩ እየሄደ ነበር። እህቲቱ በአንድ ዐይኗ ጠቀሰቻት። ልሙጢት በልቧ የልጇን አልጋ በቦታው፣ መጋረጃውን በቦታው፣ ራሷን በቦታው አየች።

ገማቹ ረጅሙ ግድግዳ ጋ ደረሰ። አንድ ዐይኑን ጨፈነ።

"ይሄ ደግሞ ዘሟል።"

"የቱ?" አለች ልሙጢት።

"ረጅሙ። ከላይ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ይመስላል። 'የዘመመ' ብለን እንያዘው..."

"ዐይንዎ ነው።"

"እህ?"

"የዘመመው ዐይንዎ ነው ጌታዬ። ግድግዳው አልዘመመም።"

"አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ" አለች እህቷ በጥርሷ መሐል፤ ክንዷን ጨመደደቻት።

"ምን ዝም እላለሁ? የዘመመ አለው እኮ!" ክንዷን መነጨቀች። "ይህን ግድግዳ ማን እንደሠራው ያውቃሉ? ያ የቆመው ሰውዬ ነው። እሱ አንድ ክር ቢጣመምበት እህል አይቀምስም። የጥፍር ያህል ሳተ ብሎ ሙሉውን ረድፍ አፍርሶ እንደገና ሠርቶታል። ሲሚንቶ አልቆብን፣ እኔ እርጉዝ ሆኜ፣ እያለቀስኩ 'ይበቃል፣ ማን ያየዋል' እያልኩት! 'እኔ አየዋለሁ' ነው ያለኝ። ቱንቢ አልያዙም? ያውጡትና ይጣሉት!"

ገማቹ ከቦርሳው ቱንቢውን አወጣ። ክሩን ከላይ ያዘ። ብረቱ ዞረ፣ ዞረ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። ክሩ ከግድግዳው ጋር ከላይ እስከ ታች እንደ ተጣበቀ ቀጥ አለ።

"አባዬ፣ ቀጥ አለ!" አለች ልጅቷ።

ቱንቢ እስከዚያ ድረስ ወለሉን ነበር የሚያየው። ቀና አለ። ኮፍያውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ልስኑን ይዩት እንጂ" አለ ድምፁ ሻክሮ። "ብሎኬትማ ማንም ይደረድራል። እጅዎን ያሳርፉበት። አይ፣ እንዲያ አይደለም፤ ዐይንዎን ይጨፍኑ።"

"ወይ ጉዴ!" አለች እህቲቱ። "አንተም?"

"ስንት ትልልቅ ሕንፃ ላይ ሠርቻለሁ" አለ ቱንቢ፣ እሷን አልሰማትም። "ከየአገሩ የመጣ ባለሙያ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ልስን አላየሁም። ስንት ክረምት ደብድቦታል፤ አንዲት ስንጥቅ ያሳዩኝ። እኔ ስጨርስ ግድግዳ ነበር፤ ቤት ያደረገችው እሷ ናት።"

ልሙጢት ቆማ ሰማችው። በጋብቻቸው ዘመን ሁሉ ይህን አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም። የሰው ልጅ ለሚስቱ ያልነገረውን ለመንግሥት ባለሙያ መንገሩ እንዴት ያለ ነገር ነው! ጉንጯ ጋለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው? መሠረቱ ምን ያህል እንደ ተቆፈረ እሷ ጀመረችው፣ እሱ ጨረሰው። ውሃው ወዴት እንደሚፈስ እሱ አሳየ፣ እሷ ባልዲ አምጥታ አፈሰሰችበት። ገማቹ ከኋላቸው እየሮጠ ይጽፋል። በረንዳው ላይ ሲደርሱ የአንዱን ዓረፍተ ነገር አንዱ እየነጠቀ ይስቁ ነበር፤ ልጅቷም በመካከላቸው ትዘላለች።

"ዝናብ ያስገባል የተባለው ጣሪያ የት ጋ ነው?" አለ ገማቹ ወደ እህቲቱ ዞሮ።

"እኔ እንግዳ ነኝ" አለችው። "ቤቱን አላውቀውም።"

ገማቹ ወረቀቱን ሰበሰበ። ሊሄድ ካለ በኋላ ግን ዘወር አለ። "ደከም ያለ ቤት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር" አለ ዝግ ብሎ። "እናንተም እንደዚያ የምትፈልጉ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልም።"

ሄደ። የግቢውን በር ሊዘጋ ሲታገል ተሰማ። ማንም ከፍ አድርገው አላለውም። ያን ሁሉ ሲያወሩ ስለዚያ በር አንዳቸውም አላነሱም፤ የቤቱ አንዱ እውነተኛ ጉድለት ሳይጻፍ ቀረ።

"ጨረሳችሁ?" አለች እህቲቱ። "ላጨብጭብላችሁ? አብራችሁ መኖር ያቃታችሁ ሰዎች አብራችሁ ማበድ ማን አስተማራችሁ?" ከዚያ የረጠቡትን ጨርቆች ከየተሰቀሉበት እየጎተተች መሬት ላይ ጣለቻቸውና አለቀሰች።

"ሲያንቋሽሹት አልቻልኩም" አለች ልሙጢት። ለማን እንደምትናገር አልታወቀም።

"እኔም" አለ ቱንቢ።

ግምቱ ሲመጣ ብድሩ ወደ አጠገቡም አልደረሰም። የማኅበሩ ጸሐፊ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "እንዴት ያለ ቤት ነው እባክሽ? እንኳን ደስ አለሽ" አለቻት። ልሙጢት "ሊወሰድብኝ ነው" አለች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን በቀዳዳው መልሳ አወጣችላትና ተራ የሚጠብቀውን ሰው ጠራች።

ቅድሚያ ክፍያ ልትለምን ወደ ኮንትራክተሩ ሄደች፤ ለዓመታት የሠራችለት ሰው ነው። ወንበር ሰጣት፣ ሻይ አዘዘላት፤ ሻይ ሲያዝላት ያን ጊዜውኑ እንደማይሆን ገባት። "ልሙጢት፣ አንቺን እንደ እህቴ ነው የማይሽ" አለ። "ግን ያልሠራሽውን ሥራ ዋጋ ዛሬ ብከፍልሽ ነገ ሠራተኞቹን በምን ላሠራቸው?" ሻዩን ጠጣችለት። ሳትጠጣው ብትሄድ ይከፋዋል ብላ ነው።

የቀራት ቱንቢ ነበር። እንዲታገሳት፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየከፈለችው እንድትቀጥል ልትለምነው አውቶቡስ ተሳፍራ ወደሚሠራበት ከተማ ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስትደግመው ነበር። የተከራየው አንዲት ክፍል ነበረች፤ መስኮቷ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ። ሻይ ታፈላለች የተባለችው ልጅ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ልሙጢት ጠላት አገኛለሁ ብላ ነበር የሄደችው። ያገኘችው እግሯ አብጦ ጫማ ያልገባላት፣ ሆዷ እስከ ጉልበቷ የደረሰ ልጅ እግር ሴት ነው።

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አለቻት ልጅቱ፣ ልትነሳ እየታገለች። ከአልጋው ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

ልሙጢት አልተቀመጠችም። እጇ ሳታዘው ወደ ግድግዳው ሄደ። ልስኑ እርጥብ ነበር፤ ጣቷ ሲነካው ተፈርፍሮ መዳፏ ላይ ቀረ። ከልስኑ ጀርባ ሻጋታው አረንጓዴ ነው።

"ታገሰኝ ልልህ ነበር የመጣሁት" አለችው ቱንቢን።

"አውቃለሁ።" ጣሪያው ዝቅ ከማለቱ የተነሳ አንገቱን ሰብሮ ነበር የቆመው፤ ታጥፎ ስታየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። "ይቺን የት አስወልዳት? አንቺው ንገሪኝ። ሌላ ነገር ቢኖረኝ ኖሮ ድርሻዬን ትቼልሽ ነበር። ሌላ ምን አለኝ?"

የደገመችው ሁሉ ጠፋባት። ለቤቷ ስትል ምንም ነገር እናገራለሁ ብላ ነበር፤ አለቅሳለሁ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፣ ልጅህን አስብ እለዋለሁ ብላ ነበር። መዳፏ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አየችው።

"አልጋውን ከግድግዳው አርቁት" አለች። "ይህ እርጥበት ለአራስ አይሆንም።"

ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሴት "ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?" አሏት። "አይ እናቴ፣ ሁሉም አለ" አለቻቸው፤ እንባዋ ግን አልቆመም።

የሐራጁ ማስታወቂያ በፍርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ልሙጢት ቆማ አነበበችው። ግድግዳዎቹ በቱንቢ ተለክተው ቀጥ ያሉ፣ ልስኑ ስንጥቅ የሌለውና ከፍተኛ ጥራት ያለው፣ መሠረቱ ጥልቅ፣ ጣሪያው ዝናብ የማያስገባ። ሁለቱ የተናገሩት አንድ ሳይቀር እዚያ ነበር። ከጎኗ የቆመ ሰው ለጓደኛው "እንዲህ ያለውን ቤት ምን ዓይነት ሞኝ ነው የሚሸጠው?" አለው። ልሙጢት የተላቀቀውን የወረቀቱን ጥግ በመዳፏ ተጭና ለጠፈችው።

ቤቱን የገዙት አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ሊያዩት ሲመጡ ሙሽሪት ጫማዋን በረንዳው ላይ አውልቃ ነው የገባችው፤ ልሙጢት ልትጠላት የነበረውን ያህል ሳትጠላት የቀረችው በዚህ ነው። ሙሽሪት በእጇ ረጅሙን ግድግዳ እየዳሰሰች ሄደች። በኋለኛው ክፍል ያን የበር ቅርፅ ያለውን ግራጫ ቦታ ስታይ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች።

"የኔ በር ነው" አለች ልጅቷ።

"ታዲያ ለምን አይከፈትም?"

ልጅቷ ወደ እናቷ ቀና ብላ አየች። ልሙጢት መስኮቱን መዝጋት ያዘች፤ ንፋስ አልነበረም።

ቁልፍ በሚያስረክቡበት ቀን፣ ዕቃው ሁሉ ወደ እህቷ ክፍል ከተጓጓዘ በኋላ፣ ልሙጢት በባዶው ቤት ውስጥ ቀረች። በዚህ ቤት ያላለቀ ሥራ ትታ መውጣት አልሆነላትም። ግቢው ጥግ የተረፈ አሸዋና ጥቂት ሲሚንቶ ነበር፤ አሸዋውን ነፋችው። ቱንቢ መሰላሉን ሊወስድ ሲመጣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከደፈኑት በር ፊት ቆማ አገኛት። ጎንበስ ብሎ ሲሚንቶውን ማቡካት ጀመረ። ስንት ዓመት ሙሉ ስታቀብለው የኖረችውን ባልዲ ዛሬ እሱ አቀበላት፤ ከማቀበሉም በፊት የሲሚንቶውን ፊት በእጁ ጀርባ አስተካከለላት።

"ውሃ በዝቷል" አለችው።

"አልበዛም።"

"በዝቷል ስልህ።"

አሸዋ ጨመረበት። እሷ ለሰነች። ከታች ጀምራ ወደ ላይ፤ እጇ ያልደረሰበትን መሰላሉ ላይ ወጥታ፤ እሱ መሰላሉን ይዞ። ግራጫው በር ከታች ወደ ላይ እየጠፋ ሄደ።

"ከፍተነው ቢሆን ኖሮ..." አለ ቱንቢ።

"ዝም በል።"

መሰላሉን አጥብቆ ያዘ። ልጅቷ ከደጅ ገባች፤ የምታንኳኳበት ቦታ ፈለገች፤ እርጥብ ሆኖ አገኘችው። ጣቷን ልታሳርፍበት ብላ መለሰችው። "ማንም የለም" አለች ቀስ ብላ። አሁን ግን አልሳቀችም።

አዲስ ልስን ጠዋትና ማታ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ልሙጢት በማግስቱ ማለዳ በእህቷ ክፍል ውስጥ፣ በተከመረ አሮጌ ልብስ መካከል ዐይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያሰበችው ይህን ነው። ልጇ ተኝታለች። ተነሳች፣ ጀሪካን ሞላች፤ ምናልባት እዚያ ውሃ ቢጠፋ ብላ። እግሯ መንገዱን ያውቀዋል። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ልትገፋው እጇን ካነሳች በኋላ ነው የማንኳኳት ነገር ትዝ ያላት።

አንኳኳች። በሕይወቷ ይህን በር አንኳኩታ አታውቅም።

ሙሽሪት ፀጉሯን በሻሽ እያሰረች ብቅ አለች። መጀመሪያ አላወቀቻትም። "ማንን ፈልገሽ ነው?"

ልሙጢት ጀሪካኑን አየችው። "ግድግዳው..." አለች። "የኋላው ክፍል ልስን። ትናንት የተሠራው። ውሃ ላጠጣው ነበር።"

ሙሽሪት አሁን አወቀቻት። ፊቷ ላይ ብዙ ነገር አለፈ፤ ከሁሉ በመጨረሻ ጭንቀት ቀረ። ከቤት ውስጥ ባሏ "ማን ነው?" አለ። "ማንም አይደለም" አለችው፤ ወዲያው ራሷ የተናገረችው አስደነገጣት። "ማለቴ... እኛ እናጠጣዋለን እትዬ። ጠዋትና ማታ አይደል? አይዞሽ፣ እናጠጣዋለን።"

"ጠዋትና ማታ። ከላይ ጀምረሽ፣ በቀስታ።"

"እሺ፣ በቀስታ።"

በሩ ሊዘጋ መጣ። ልሙጢት ጀሪካኑን ይዛ ውጭ ቆመች። መቀርቀሪያው ቀዳዳውን ሲስት ሰማችው፤ አንዴ፣ እንደገና፤ ብረት ብረትን ይመታል፣ ይመለሳል። ሙሽሪት ከውስጥ ስታቃስት፣ በትከሻዋ ስትገፋ ይሰማል። ልሙጢት ዝም ብላ ብትሄድ በሩ እንደዚያው ክፍት ይቀር ነበር። መዳፏን በቆርቆሮው ላይ አሳረፈች፤ ዐይኗን ጨፈነች።

"ከፍ አድርገሽ ግፊው" አለች።

በሩ ከመዳፏ ሥር ከፍ አለ፤ መቀርቀሪያውም ቀዳዳው ውስጥ ገባ።